በፎርማት የማይድን ኮምፒውተር፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ጅማ ውስጥ ኮምፒውተር ሲያስቸግር የመጀመሪያው ምክር ያው ነው፦ «ፎርማት ይደረግ።» መርካቶ አካባቢ ያለ የፎቶ ኮፒ ቤት ዴስክቶፕ ይሁን፣ የቡና ነጋዴ ቢሮ ሲፒዩ፣ ወይም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የሚማር ልጅ ላፕቶፕ፣ ዘገየ ሲባል ፎርማት፣ ቫይረስ ገባበት ሲባል ፎርማት፣ ሰዓቱ ተዛባ ሲባልም ፎርማት። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ካቆመ ወዲህ ደግሞ «አሮጌውን ጠርጎ አዲስ መጫን» የሚለው ሩጫ ጨምሯል። መጥረግና እንደገና መጫን ራሱ ትልቅ ሥራ አይደለም፤ ትዕግሥት ያለው ሰው ሁሉ ይችለዋል። የሚከብደው ሕመሙ በእርግጥ የሶፍትዌር መሆኑን ማወቅ ነው። ፎርማት ተደርገው ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው ከሚመጡት ማሽኖች አብዛኞቹ ችግራቸው ዊንዶውስ አልነበረም። ስለዚህ ፍላሽ ከመሰካት በፊት የሚታዩትን ምልክቶች አስቀድማለሁ፤ ጭነቱ ላይ የሚገጥሙትና ከዚያ በኋላ የሚመጡት ይከተላሉ።

በጣም ይዘገያል፣ ስታክ ያደርጋል

ታስክ ማናጀርን ክፈቱና «ዲስክ» የሚለውን ዓምድ እዩ። ምንም ሳትሠሩበት 100 ፐርሰንት ላይ ተቸንክሮ ከቆየ ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ማሽኑ የሚሽከረከር የድሮ ሃርድ ዲስክ ያለውና ራሙ 4 ጊጋ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ነው፤ ዊንዶውስ ራም ሲያጥረው የጎደለውን ከሃርድ ዲስኩ ይበደራል፣ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ ደግሞ ይህን ማበደር አይችልበትም። ወይ ደግሞ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ነው።

ሁለቱን የሚለይላችሁ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ነው። ሃርድ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚመዘግበውን አንብቦ በቀለም ያሳያል፦ ሰማያዊ ደህና ነው፣ ቢጫ ጥንቃቄ ነው፣ ቀይ አልቆለታል ማለት ነው። ቢጫ ሲያሳይ ዝርዝሩ ውስጥ የተበላሹና በሌላ የተተኩ ሴክተሮችን (ዳታ የሚጻፍባቸውን የዲስኩን ትንንሽ ክፍሎች)፣ እንዲሁም ማንበብ አቅቶት በይደር ያቆያቸውን ሴክተሮች ቁጥር ታገኛላችሁ። ቁጥሩ ዛሬ ካያችሁት ነገ ከበለጠ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

እንዲህ ያለውን ዲስክ ፎርማት ማድረግ ጣራው እያፈሰ ወለል መወልወል ነው። አዲሱ ዊንዶውስ ለጥቂት ቀን ይፈጥናል፣ ምክንያቱም ዲስኩ ላይ ገና ብዙ አልተጻፈም፤ ከዚያ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ዲስኩ ቢጫ ካሳየ መጀመሪያ ዳታውን አውጡ። ዲፍራግም (የተበታተኑ ፋይሎችን ማሰባሰብ) ሆነ ረጅም የዲስክ ፍተሻ አታስጀምሩ፤ የደከመውን ዲስክ ሥራ ታበዙበታላችሁ። ዳታው ከወጣ በኋላ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለውን ፈጣን ዲስክ፣ ግዙ። ለአብዛኞቹ አሮጌ ላፕቶፖች 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ይገጥማል፣ 240 ወይም 256 ጊጋ ለቢሮ ሥራ ይበቃል። ለአሮጌ ኮምፒውተር ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ ከራምም ከአዲስ ባትሪም በፊት የሚቀድመው ይህ ነው ባይ ነኝ። ዲስኩ ሰማያዊ ሆኖ ከዘገየም መፍትሄው ያው ኤስኤስዲ ነው፤ ልዩነቱ ያለ ጥድፊያ መግዛት መቻላችሁ ነው።

ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ኢንተርኔት እያለ ድረ ገጽ አይከፈትም

ጠዋት ሲበራ ኮምፒውተሩ ከብዙ ዓመት በፊት ያለ ቀን ያሳያል። ክሮም ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ እየደረደረ ጎግልን እንኳ አልከፍት ይላል። ባለቤቱ ቫይረስ ነው ብሎ ይዞት ይመጣል።

መንስኤው ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠችው ክብ ባትሪ ናት። ስሟ ሲአር2032 ነው፣ 3 ቮልት ናት። ማሽኑ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱንና የባዮስን (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ማሽኑን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ቅንብር የምትይዘው እሷ ናት። ሶኬት ላይ እንደተሰካ የሚያድር ዴስክቶፕ ጥቂት ኃይል ከመስመሩ ስለሚያገኝ ባትሪዋ ብትሞትም ላይታወቅ ይችላል። ጅማ ግን መብራት ይሄዳል፤ ሲመለስ ቮልቴጁ ዘሎ እንዳያቃጥለው ብሎ ማታ ማታ ዲቫይደሩን ነቅሎ የሚሄድም ብዙ ነው። የሞተች ባትሪ እንዲህ ባለ አያያዝ ቶሎ ትጋለጣለች።

ድረ ገጹ የማይከፈተው እያንዳንዱ ድረ ገጽ የሚያቀርበው የደህንነት ሰርተፊኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ስላለው ነው። ኮምፒውተሩ «ዛሬ 2009 ነው» ካለ ሰርተፊኬቱ በእሱ ቤት ገና አልተወለደም።

ከዚህ የባሰው ሌላው ውጤት ነው። ባትሪዋ ስትሞት ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመለሳል። ማሽኑ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ የሳታ ሞድ ይባላል፤ ዊንዶውስ የተጫነው ዲስኩ በኤኤችሲአይ ሞድ ሳለ ከሆነና ባዮሱ ወደ አይዲኢ ወይም ወደ ሬይድ ከተመለሰ፣ ማሽኑ ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ያወጣል። የቡት ሞዱ፣ ማለትም የአነሳስ መንገዱ፣ በድሮው ሌጋሲና በአዲሱ ዩኢኤፍአይ መካከል ከተቀያየረ ደግሞ «የሚነሳ ዲስክ የለም» ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ዳታውን ሁሉ ያለ ጥፋቱ አስጠርጓል። ባዮስ ገብታችሁ የሳታ ሞዱን ወይም የቡት ሞዱን ወደ ነበረበት ብትመልሱ ዊንዶውሱ ምንም እንዳልሆነ ሊነሳ ይችላል። ከመጥረግ በፊት ይህን መሞከር ምንም አያስከፍልም።

ባትሪዋን ስትቀይሩ ማሽኑን ንቀሉት፣ የአዲሷ የመደመር ምልክት ወደ ላይ ይሁን። ከዚያ ባዮስ ውስጥ ቀኑን ስትሞሉ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ሙሉ። 2018 ብሎ በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው ማሽኑን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወስዶታል፤ ባትሪው አዲስ ሆኖ ችግሩ ግን አይለቅም። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለባዮስ 9 ሰዓት ነው። ዊንዶውስ ውስጥ የሰዓት ክልል ስትመርጡ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት የሚቀድመውን፣ ናይሮቢ የሚለውን ውሰዱ።

በራሱ ይጠፋል፣ ሰማያዊ ስክሪን ያበዛል

በሥራ መሃል ያለ ምንም መልእክት ድርግም ብሎ የሚጠፋ ማሽን ብዙ ጊዜ ሞቆት ነው። አቧራውን ንፉለት፣ ማራገቢያው መዞሩን እዩ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ፔስት ከደረቀ ይቀየር። ሰማያዊ ስክሪኑ በየጊዜው የተለያየ መልእክት የሚያወጣ ከሆነ ግን ጥርጣሬዬ ወደ ራም ይሄዳል። የጅማ ዝናብ ክረምትን ብቻ አይጠብቅም፤ እርጥብ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሲፒዩ የራሙ እግሮች ላይ ዝገት ቢጤ ይይዛል። ራሙን አውጥታችሁ የወርቅማ እግሮቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብላችሁ አሹ፣ ብናኙን ጥረጉ፣ መልሳችሁ እስኪቆለፍ ድረስ ተጫኑት። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ እየሰካችሁ ሞክሩ። የታመመ ራም ላይ የተጫነ ዊንዶውስ ጤነኛ አይሆንም፤ ጭነቱ ራሱ መሃል ላይ «ፋይሉን ማንበብ አልተቻለም» እያለ ይቆማል።

«ዳታዬ ዲ ላይ ነው» የተባለው ዳታ ጠፋ

ይህ ከሁሉም የሚያሳዝነው ነው። ደንበኛው ሲ ብቻ እንደሚጠረግ፣ ዲ እንደማይነካ ተነግሮት ወይም ገምቶ ይሄዳል። የዊንዶውስ መጫኛው ግን ሲ እና ዲ ብሎ አያሳያችሁም፤ ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍል) 1፣ 2፣ 3 እያለ ነው የሚዘረዝረው። ሁለት ፓርቲሽኖች መጠናቸው ከተቀራረበ ዲ ተጠርጎ ሲ የሚተርፍበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የእያንዳንዱን ድራይቭ ሙሉ መጠንና የቀረውን ቦታ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ከዚያም በላይ፣ የማይጠፋ ዳታ ካለ በሌላ ዲስክ ላይ ይኑር። ዲ የተለየ ዲስክ አይደለም፤ ያው አንድ ሃርድ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ ነው፣ ዲስኩ ሲሞት ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ሰው የሚረሳው ዴስክቶፕና ዶክዩመንትስን አይደለም። የሚረሳው ሌላ ቦታ ያለውን ነው። የፒችትሪ ሒሳብ ዋናው ምሳሌ ነው፦ የድርጅቱ ዳታ በነባሪ ሲ ድራይቭ ላይ በፕሮግራሙ በራሱ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፣ ዶክዩመንትስን ብትገለብጡ አብሮ አይመጣም። ፒችትሪን ክፈቱና «ፋይል» ከሚለው ሜኑ ባክአፕ አውጡ፤ አንድ ፋይል ይሰጣችኋል፣ እሱን ፍላሽ ላይ ያዙ። የትኛው ዓመት ፒችትሪ እንደሆነም ጻፉ፤ በአዲስ ቨርዥን የወጣ ባክአፕ በአሮጌው አይከፈትም። የቴሌግራም ዳውንሎድ ፎልደር፣ ብራውዘር ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች፣ የፕሪንተሩና የስካነሩ ድራይቨር፣ የአማርኛ ፎንቶች፤ እነዚህን ሁሉ ባለቤቱ «ምንም የለኝም» ብሎ የሚያልፋቸው ናቸው። ስለ ፎንቶቹ ወደ ኋላ በሰፊው እመለሳለሁ።

ፍላሹ ላይ የተገለበጠው ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ከተገኘ ማሽኑ ላይ የሾርትከት ቫይረስ አለ ማለት ነው። ፋይሎቹ አልጠፉም፣ ተደብቀዋል። ከታመመው ዊንዶውስ ውስጥ ሆናችሁ ዳታ አትገልብጡ፤ ሊኑክስ ሚንት (በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ነፃ ሲስተም) ያለበት ፍላሽ ሰክታችሁ ከዚያ አስነሱት። ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ይሠራል፣ የዊንዶውስ ቫይረስ እዚያ አይንቀሳቀስም፣ የተደበቁትም ፎልደሮች ይታያሉ። ሊኑክሱ ዲስኩን ለማንበብ ብቻ ከከፈተ ወይም አልከፍትም ካለ፣ ዊንዶውስ በፋስት ስታርትአፕ (ቶሎ እንዲነሳ በሚያደርገው ቅንብር) ምክንያት በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ ነው። ወደ ዊንዶውስ ተመልሳችሁ «ሻት ዳውን» ሳይሆን «ሪስታርት» በሉት፤ ሪስታርት ሙሉ በሙሉ ዘግቶ ነው የሚነሳው።

ከፍላሹ አልነሳም አለ

መጀመሪያ ፍላሹ እንዴት ተሠራ? የዊንዶውሱን አይኤስኦ (የመጫኛ) ፋይል ፍላሽ ላይ እንደ ሙዚቃ መገልበጥ የሚነሳ ፍላሽ አያደርገውም። ሩፉስ በተባለው ትንሽ ፕሮግራም ወይም በማይክሮሶፍት የራሱ ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል መሠራት አለበት፤ ፍላሹ ቢያንስ 8 ጊጋ ይሁን። ሩፉስ ኤምቢአር (የድሮው የዲስክ አከፋፈል) ወይስ ጂፒቲ (አዲሱ) ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዊንዶውስ 8 ይዘው ለወጡ ማሽኖች ጂፒቲና ዩኢኤፍአይ፣ ለቀደሙት ኤምቢአርና ባዮስ ምረጡ።

ማሽኑ ፍላሹን እንዲያይ የቡት ሜኑ ቁልፉን ሲበራ ደጋግማችሁ ተጫኑ። ኤችፒ ኤፍ9 ነው፣ ዴል፣ ሌኖቮና ቶሺባ ኤፍ12 ናቸው፣ የአሱስ ላፕቶፕ ኢስኬፕ ነው። ኤሰርም ኤፍ12 ነው፣ ግን ብዙዎቹ ላይ ቁልፉ ከፋብሪካ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ በኤፍ2 ባዮስ ገብታችሁ የኤፍ12 ቡት ሜኑን መክፈት አለባችሁ።

ሁሉም ልክ ሆኖ ጭነቱ መሃል ላይ የሚቆም ከሆነ ፍላሹን ተጠራጠሩ። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጡ «1 ቴራ»፣ «2 ቴራ» የሚል የተጻፈባቸው ፍላሾች አብዛኞቹ ውሸት ናቸው፤ ውስጣቸው ትንሽ ሆኖ ትልቅ መስለው ይታያሉ፣ ከእውነተኛ መጠናቸው በላይ የተጻፈው ፋይል ይበላሻል። ሌላ ፍላሽ፣ ሌላ ቀዳዳ፤ ሲፒዩ ከሆነ ከኋላ ያለው ቀዳዳ ይሻላል። ስድስተኛ ትውልድ ኢንቴልና ከዚያ በኋላ በመጡት ላይ ዊንዶውስ 7 ልጫን የሚል ካለ ደግሞ ማውሱና ኪቦርዱ ጭነቱ ላይ መሥራት ያቆማሉ፤ ዊንዶውስ 7 የዩኤስቢ 3 ድራይቨር የለውም። ድጋፉም በጥር 2012 ያበቃ ነው፣ ይለፋችሁ።

ዲስኩን አያሳይም፣ ወይም «እዚህ ዲስክ ላይ መጫን አይቻልም» ይላል

ዲስኩ ጨርሶ ካልታየ ገመዱን፣ ከዚያ የባዮሱን የሳታ ሞድ እዩ። በአንዳንድ አዳዲስ ኢንቴል ማሽኖች ላይ የኢንቴል የማከማቻ ድራይቨር ከአምራቹ ገጽ ወርዶ በ«ሎድ ድራይቨር» በኩል መሰጠት አለበት።

ዲስኩ ታይቶ አልጫንም ካለ፣ መልእክቱ ብዙ ጊዜ ስለ ኤምቢአርና ጂፒቲ ነው። ፍላሹ በዩኢኤፍአይ ተነስቷል፣ ዲስኩ ግን በድሮው ኤምቢአር የተከፋፈለ ነው፤ ሁለቱ አይግባቡም። ዳታው በሙሉ ወጥቶ ከሆነ ቀላሉ መንገድ ሁሉንም ፓርቲሽን አንድ በአንድ ሰርዛችሁ «ያልተመደበ ቦታ» የሚለውን ብቻ ስታስቀሩና በዚያ ላይ ስትቀጥሉ ነው። መጫኛው የሚፈልገውን ራሱ ይከፋፍላል። ዳታው ካልወጣ አትሰርዙ፤ ወጥታችሁ ፍላሹን በሌጋሲ ሞድ አስነሱት። ማሽኑ ሁለት ዲስክ ካለው የማይጠረገውን ገመዱን ንቀሉት፣ ስህተት የሚባል ነገር አይኖርም።

መሃል ላይ መብራት ከሄደ አትደንግጡ። የተጠረገው ተጠርጓል፣ የተጀመረው ጭነት ግማሽ ነው፤ እንደገና ከፍላሹ አስነስታችሁ ፓርቲሽኖቹን ሰርዛችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩ። የሚያስፈራው ባዮስ እያደሳችሁ መብራት ሲሄድ ነው፤ ያኔ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሳይሞላ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ሳይኖር ባዮስ አታድሱ።

ዊንዶውስ 11 «ይህ ኮምፒውተር አያሟላም» ይላል

እውነቱን ነው። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ)፣ ሴኪዩር ቡት (ያልታመነ ፕሮግራም ማሽኑን እንዳያስነሳ የሚከለክል ቅንብር)፣ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ዲስክ፣ ከኢንቴል በኩል ደግሞ በጥቅሉ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ይህን ምርመራ በሩፉስ ማዘለል ይቻላል፣ የሚያደርገውም ብዙ ነው። ኮር ቱ ዱዮ በተባለው የድሮ የኢንቴል ፕሮሰሰር በሚሠራ ማሽን ላይ ግን 24ኤች2 የተባለው ቨርዥን ብታዘልሉትም አይነሳም፤ ቨርዥኑ የሚፈልገው ትእዛዝ ፕሮሰሰሩ ውስጥ የለም።

የእኔ ፍርድ እንደ ሥራው ነው። ፒችትሪ የሚሠራበት ቢሮ ዊንዶውስ 10ን ይዞ ይቆይ፣ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ ለተራዘመው የደህንነት ማሻሻያ ይመዝገብ፤ ለግለሰቦች የተከፈተው እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ያደርሳል። እስከዚያ ማሽን ለመለወጥ ያስብ። ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለትምህርት ብቻ የሚፈለግ ላፕቶፕ ከሆነ ግን ሊኑክስ ሚንት፣ በተለይ ቀለል ያለው ኤክስኤፍሲኢ፣ በ4 ጊጋ ራም ላይ የተዘለለ ዊንዶውስ 11ን ያስንቃል። ሚንት 22 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ ይታደሳል። ላፕቶፑን የሚጠቀምበት ሰው ግን ማይክሮሶፍት ኦፊስ እዚያ እንደማይጫን ቀድሞ ይወቅ፤ ሊብረ ኦፊስ ነው ያለው።

ተጭኖ አለቀ፤ ዋይፋይ የለም

የዋይፋይ ድራይቨሩ የለም፣ ድራይቨሩን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ስልካችሁን በገመድ ሰክታችሁ የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ የሚያካፍለውን ዩኤስቢ ቴዘሪንግን አብሩ። ዊንዶውስ 10 የአንድሮይድ ስልክን እንደ ኔትወርክ ገመድ ያየዋል፣ ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ድራይቨር አይጠይቅም። ከዚያ ዊንዶውስ አፕዴት የጎደለውን ይፈልጋል።

ከመገናኘታችሁ ጋር ግን አንድ ነገር አድርጉ፦ በኔትወርክ ቅንብሩ ውስጥ ግንኙነቱን «ሜተርድ» (በመጠን የሚከፈልበት) አድርጉት። አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ ከበይነ መረብ ጋር እንደተገናኘ ብዙ ጊጋ ማሻሻያ ማውረድ ይጀምራል፣ ጥቅላችሁን ሳታዩት ይጨርሰዋል። ሜተርድ ሲሆን አብዛኛውን ያቆየዋል። የዋይፋይ ድራይቨሩን ብቻ አውርዳችሁ ትልቁን ማሻሻያ ርካሽ ኢንተርኔት ወዳለበት ቦታ ወይም ወደ ሌሊት ጥቅል አሻግሩት።

የአማርኛው ደብዳቤ ሁሉ የላቲን ፊደል ዝብርቅ ሆነ

የጅማ ጽሕፈት ቤቶች ላይ ይህ ምልክት ልዩ መልክ አለው። ከፎርማት በኋላ የድሮ ፋይሎች ይከፈታሉ። የአፋን ኦሮሞው ደብዳቤ ደህና ነው፣ አንድ ፊደል አልተነካም። የአማርኛው ግን ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክትና የላቲን ፊደል የተደባለቀበት ትርምስ ነው። ባለቤቷ «ቫይረሱ አማርኛውን ብቻ በላው» ብላ ብትደመድም አይፈረድባትም።

ቫይረስ የለም። ፋይሉ የተጻፈው በድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝ ወይም የፓወር ግዕዝ ፎንቶች ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለኪያ፣ ዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀየሱት ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፋይሉ ውስጥ የተመዘገበው ላቲን ነው፣ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነበር። ሲ ድራይቭ ሲጠረግ ፎንቱ አብሮ ተጠረገ፣ የቀረው እርቃኑን የቆመ ላቲን ነው። አፋን ኦሮሞው ከመጀመሪያውም በላቲን ስለተጻፈ የሚጎድለው የለም።

መፍትሄው ያንኑ ፎንት መልሶ መጫን ነው። ዎርድ ውስጥ ጽሑፉን ምረጡና የፎንቱን ስም ሳጥን አንብቡ፤ ፎንቱ ማሽኑ ላይ ባይኖርም ስሙ እዚያ ተጽፎ ይቆያል። ያ ስም የትኛውን እንደምትፈልጉ ይነግራችኋል። ተመሳሳይ ጽሑፍ ከሚሠራ ጎረቤት ኮምፒውተር ላይ ገልብጡት፣ በቀኝ ክሊክ ጫኑት፣ ዎርድን ዘግታችሁ ክፈቱ። ከመጥረጋችሁ በፊት ከሆነ ያላችሁት ደግሞ በሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ፎንትስ ውስጥ ያለውን ሁሉ ገልብጡ። ዊንዶውስ 10 ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ የተጫኑ ፎንቶችን ሌላ ቦታ፣ በተጠቃሚው አፕዳታ ፎልደር ውስጥ፣ ስለሚያስቀምጥ እዚያም ተመልከቱ።

ለወደፊቱ ግን አዲስ ደብዳቤ በእነዚያ ፎንቶች አትጻፉ። በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍ ስልክ ላይም ቴሌግራም ላይም ይነበባል፣ ፎርማትም አያስፈራውም። የፓወር ግዕዝን የእጅ ልማድ የለመዱ ጸሐፊዎች ኪይማን በተባለው ፕሮግራም የአማርኛ ኪቦርድ ብዙም ሳይቸገሩ ይለምዳሉ። ኒያላ ፎንት ከጠፋም የዊንዶውስ 10 ነገር ነው፤ ኒያላ ተጨማሪ አማራጭ ሆኗል፣ ቋንቋ ላይ አማርኛን ስትጨምሩ ይመጣል። እስከዚያ ጽሑፉ በሌላ ፎንት ይታያል፣ ገጾቹም ይገፋሉ፤ አንድ ገጽ የነበረ ደብዳቤ ሁለት መስመር ወደ ሁለተኛው ገጽ የሚጥለው ለዚህ ነው።

«አክቲቬት አድርግ» ይላል

በፊት በሕጋዊ መንገድ አክቲቬት የሆነ ዊንዶውስ 10 የነበረበት ማሽን ያንኑ ዓይነት፣ ሆም ከሆነ ሆም፣ ፕሮ ከሆነ ፕሮ ጫኑበት፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ያረጋግጣል። ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተሳሰረ ነው፣ ሃርድ ዲስክ መቀየር አያፈርሰውም። ጭነቱ ላይ ቁልፍ ሲጠይቅ «የለኝም» ብላችሁ እለፉ። ያለ ፈቃድ አክቲቬት የሚያደርገውን ክራክ በተመለከተ የምለው አጭር ነው፦ መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ የሚል ፕሮግራም፣ ገና አሁን ባጸዳችሁት ማሽን ላይ ለምን ታስገባላችሁ?

ልትሸጡት ከሆነ፦ ፎርማት ተደርጎ ፋይሉ ተመልሶ ወጣ

ኩዊክ ፎርማት ማውጫውን ብቻ ነው የሚያጠፋው። ፋይሉ እዚያው አለ፤ ሬኩቫን የመሰለ ነፃ ፕሮግራም ያገኘ ገዢ ፎቶዎቻችሁን ይመልሳቸዋል። ጉዳዩ ለፎቶ ኮፒ ቤት ከሁሉም ይከብዳል። ለማሳተም የመጡ የፋይዳ መታወቂያዎች፣ ዲፕሎማዎች፣ የባንክ ደብተር ቅጂዎች ዴስክቶፕ ላይ ለዓመታት ይከማቻሉ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ የያዘውን ሰው ኃላፊ ያደርገዋል።

ለሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በዜሮ መጻፍ ይበቃል፤ ሰባት ጊዜ፣ ሠላሳ አምስት ጊዜ የሚባለው የድሮ ጊዜ ጥንቃቄ ነው። በዊንዶውስ ውስጥ «ሪሴት ዚስ ፒሲ» ገብታችሁ ሁሉንም አጥፋ የሚለውን ምረጡ፣ ቅንብሩን ቀይራችሁ ዳታ አጽዳ የሚለውን አብሩ። ወይም ዲስኩን ከሌላ ማሽን ጋር አገናኝታችሁ የኩዊክ ፎርማት ምልክቱን አንሱና ሙሉ ፎርማት አድርጉ፤ ከቪስታ ወዲህ ሙሉ ፎርማት በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ዜሮ ይጽፋል። 500 ጊጋ ዲስክ ሁለት ሰዓት ግድም ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል፣ መብራት በማይጠረጠርበት ሰዓት ጀምሩት።

ኤስኤስዲ ሌላ ነው። ዕድሜው እንዲረዝም ጽሑፉን በየቦታው እያዘዋወረ ስለሚያስቀምጥ ላዩ ላይ መጻፍ ሁሉን አይደርስም። የአምራቹን ፕሮግራም ወይም ባዮሱ ውስጥ ካለ ሴኪዩር ኢሬዝ የሚለውን ተጠቀሙ። ሁለቱም ከሌሉ የዊንዶውስን ዳታ መቆለፊያ፣ ቢትሎከርን፣ አብሩ፣ ሙሉ ድራይቩን ይቆልፍ፣ ከዚያ ፓርቲሽኑን ሰርዛችሁ ጫኑ፤ ቁልፉ ከሌለ የቀረው ዳታ አይነበብም።

ለገዢው ከማስረከባችሁ በፊት የባዮስ የይለፍ ቃል ካለ አንሱ፣ ማሽኑንም ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ዝርዝር ውስጥ አስወጡ። ከዚያ ሬኩቫን ራሳችሁ አስኪዱበት። የድሮ ፋይል ስም ካወጣ አልተጠረገም፣ ሙሉ ፎርማቱን ድገሙት።